የሱፐርማርኬቱን የ100 ፓውንድ ደብዳቤ እንዴት አሰረዝኩት

እንግሊዝ ላላችሁ ትጠቅም ይሆናል። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ብሉ ባጅ (የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ) አላት። ሱፐርማርኬት የአካል ጉዳተኞች ቦታ ላይ አቁመን፣ በከዘራዋ ቀስ እያለች ስንገበያይ የተፈቀደው 2 ሰዓት አለፈ። ካሜራው ታርጋዬን አንስቶ ኖሮ ደብዳቤ መጣ፦ 100 ፓውንድ፣ በ14 ቀን ከከፈሉ 60። ሰውን አጣድፋ የምታስከፍለው ይህቺ ቅናሽ ናት።

ይሄ የማዘጋጃ ቤት ቅጣት አይደለም። የግል ድርጅት «ውል አፍርሰሃል» ብሎ የሚጠይቀው ገንዘብ ነው። ዝም ካላችሁት ግን ፍርድ ቤት ሊወስዳችሁ ይችላል። ብሉ ባጅ ደግሞ በዋናነት ለመንገድ ዳር ነው፤ የግል ግቢ ውስጥ በራሱ አያድንም። ስለዚህ «ባጅ አለን» ማለት ብቻውን ውሃ አያነሳም። እኔ የያዝኩት የ2010ሩን የእኩልነት ሕግ ነው፦ አገልግሎት ሰጪ ለአካል ጉዳተኛ ተገቢ ማስተካከያ ማድረግ አለበት። ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ተጨማሪ ጊዜ መስጠት እንግዲህ ምን ይከብዳል?

የባጁን ፎቶና ደረሰኙን አያይዤ ለፓርኪንግ ድርጅቱ ጻፍኩ። ውድቅ አደረጉት፤ ለፖፕላ (የግል ፓርኪንግ ይግባኞችን ለሚያይ ገለልተኛ አካል) ይግባኝ የሚሆን ቁጥር ግን ላኩልኝ። ፖፕላ ነጻ ነው፣ ውሳኔውም የሚያስገድደው ድርጅቱን እንጂ ሹፌሩን አይደለም።

እሱን ሳልጀምር ለሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ያንኑ ማስረጃ ላክሁ። ድርጅቱን ያስገቡት እነሱ ናቸው፣ «ሰርዙ» ማለትም ይችላሉ። ደረሰኙ ላይ የከፈልንበት ሰዓት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ የመሰረዣ ኢሜይል ገባ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከከፈላችሁ ይግባኙ ያበቃል፤ ሳትከፍሉ ጻፉ።