ቤት ከመሸጥዎ በፊት የውጭ ቀለም ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሽያጭ የሚቀርብ ቤት የግድ ከእግር እስከ ራሱ መቀባት አይኖርበትም። በጥድፊያ የተለቀለቀ ግድግዳ ግን እንዳለ ከተተወው የባሰ ጥርጣሬ ይፈጥራል፤ ገዢው ‹‹እዚህ ጋ ምን ሸፍነው ነው?›› ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ቦታ ቦታውን ነካ ነካ ማድረግ

በብዛት የሚሠራውም ከሩቅ የሚታየውም ስህተት ይህ ነው። ከመጀመሪያው ቆርቆሮ የተረፈ ቀለም እንኳ ቢሆን አይገጥምም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ለዓመታት ፀሐይ አደብዝዞታል፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ግን እንደ ድሮው ነው። ቀለሙ ቢቀራረብ አንጸባራቂነቱ ይለያል። በሮለር የተቀባን ግድግዳ በብሩሽ ሲነኩት ደግሞ ከጎን የሚመጣ የጠዋት ብርሃን የብሩሹን መስመር ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል።

መፍትሔው ከጥግ እስከ ጥግ መቀባት ነው። የተላጠው አንድ ክንድ ቢሆንም ያንን ፊት ሙሉውን ይቀቡ። ሁለት ግድግዳዎች ጥግ ላይ ሲገናኙ የሚያርፍባቸው ብርሃን የተለያየ ስለሆነ ዓይን ትንሽ የቀለም ልዩነት አይለይም። ገንዘብ ካጠረ የመግቢያው በር ያለበትን ፊት ሙሉ ቀብቶ ጓሮውን መተው፣ ሁሉንም ከመነካካት ይሻላል።

ቀለሙን ከካታሎግ በዓይን መምረጥ

ከሚቀባው ግድግዳ ላይ 3 በ3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቅራፊ በስለት ያንሱ፣ አጥበው ያድርቁ፣ ቀለም በማሽን ለሚያነብ መደብር ይስጡ። የተበጠበጠውን ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ሳይደርቅ አይፍረዱ። ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ከገዙ ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ደባልቀው ይጀምሩ። 1 ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ሜትር ያህል አንድ እጅ ይቀባል፤ ሻካራ ልስን ከዚያ በላይ ይጠጣል።

የውሃውን ምንጭ ሳያቆሙ መቀባት

ቀለም የሚያብጠውና የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ውሃ ስላለ ነው። ከላይ የሚያፈስ አሸንዳ፣ መስኮት ሥር ያለ ስንጥቅ፣ ከመሬት ወደ ግድግዳው የሚወጣ እርጥበት ካለ መጀመሪያ እሱ ይጠገን። ነጭ የጨው ዱቄት ከታየ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ ውሃ ካፈሰሱበት ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ በስቱኮ ይደፈናል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ ተነሥቶ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ መሐንዲስ ይየው። በብዙ አገሮች ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ደብቆ ከሸጠ በሕግ ሊጠየቅ ይችላል።

ሳያጥቡና ሳይፍቁ መጀመር

ግድግዳውን በእጅዎ ያሹት፤ ዱቄት ከወጣ አዲሱ ቀለም የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። በሳሙና ውሃና በብሩሽ ይጠቡት። ሻጋታ ላይ ለ1 ብርጭቆ በረኪና 3 ብርጭቆ ውሃ ቀላቅለው ይቀቡ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው በደንብ ያለቅልቁ። በረኪናን ከአሞኒያም ሆነ ከአሲድ ጋር አያገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያድርቁ።

ልል የሆነውን በስፓቱላ ይፋቁ፣ ጠርዙን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከዚያም በ120 ያለስልሱ። የጠርዙ ደረጃ ካልጠፋ በሁለት እጅ ቀለም ሥርም ይታያል። ቤቱ የቆየ ከሆነ ድሮ የተቀባው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳያስመረምሩ በደረቁ አይፈግፍጉ።

ፕራይመር መዝለል

የተራቆተ እንጨት፣ ልስንና ብረት ያለ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት) ቀለም አይዙም። የዛገ ብረት በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ይቀባል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ገደማ ይጠበቅ፤ ከዚያ በፊት ያለው አልካሊ ቀለሙን ይበላዋል። አሮጌው የዘይት ቀለም ይሁን የውሃ ካላወቁ አልኮል ባስነከሩት ጥጥ ይሹት። ጥጡ ቀለም ከያዘ የውሃ ነው። ካልያዘ የዘይት ስለሚሆን አንጸባራቂነቱን በብርጭቆ ወረቀት ሳያጠፉና ፕራይመር ሳይቀቡ የውሃ ቀለም ከደረቡ ይላጣል።

ትናንሾቹ

ተራ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም፤ ለመስኮት ዙሪያ የአክሪሊክ መድፈኛ ይጠቀሙ። አንድ ወፍራም እጅ ይንጠባጠባል፤ ሁለት ስስ እጅ፣ በመካከሉም ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ፀሐይ ያጋለው ግድግዳ ላይ አይቀቡ፣ ጥላን ይከተሉ። ጤዛ ከመውረዱ ጥቂት ሰዓት አስቀድመው ያቁሙ። የሸተተ ወይም የጓጎለ አሮጌ ቀለም ይጣል።

ከአዲሱ ቀለም ግማሽ ሊትር አሽገው ያስቀምጡ። ግድግዳው ገና ስላልደበዘዘ፣ ዕቃ ሲወጣ የሚፈጠር ጭረት በዚያው ቀለምና በዚያው ሮለር ሊስተካከል ይችላል።