የመጀመሪያውን የኡሩሺ ብዕር ለሚገዙ
ከኡሩሺ ዛፍ በሚቀዳ ፈሳሽ ተደጋግሞ የተቀባ የጃፓን የቀለም ብዕር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገዙ ካሰቡ፣ ከቅቡ ውበት አስቀድመው የጫፉን ውፍረት ይወስኑ፤ እንደ ናካያና ናሚኪ ያሉት ብዕሮች ጫፍ ተመሳሳይ መጠሪያ ካለው የአውሮፓ ጫፍ ብዙውን ጊዜ ስለሚቀጥን፣ በአውሮፓ ብዕር ቀጭኑን የለመደ ሰው ከጃፓኑ መካከለኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ቅቡ በሚገባ ከጠነከረ በኋላ ውኃንና የእጅን ወዝ ይቋቋማል፤ የሚጎዳው የፀሐይ ብርሃን ስለሆነ መስኮት ዳር አይተዉት። ሲቆሽሽ ውጩን በንጹሕ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል፣ አልኮል ግን ፈጽሞ አያስነኩት። ደግሞም በሣጥን ዘግተው አያኑሩት፤ ኡሩሺ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየጠራ፣ ቀለሙም እየደመቀ ስለሚሄድ፣ በየዕለቱ የሚጽፍበት ሰው ይህን ለውጥ (በእኔ እምነት የብዕሩ ትልቁ ደስታ ነው) በእጁ ይዞ ይከታተለዋል።