ሌክቸር ላይ ኖት ስትይዙ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ጎንደር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሳስጠና ሰባት ዓመቴ ነው። ፈተና ሲደርስ ደብተራቸውን ታቅፈው ይመጣሉ፤ እኔም ጥያቄያቸውን ከመስማቴ በፊት ደብተሩን ገልጬ አያለሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መምህሩ ወደ አማርኛ ሲዞር እስክሪብቶ ማስቀመጥ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ ግን እንዳልገባችሁ ከፊታችሁ ሲያነብ በአማርኛ ምሳሌ ያመጣል። ያኔ ክፍሉ በሙሉ መጻፍ ያቆማል። በቀደም ከአዘዞ የምትመላለስ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጣች። የኢላስቲሲቲን (ዋጋ ሲለወጥ የሰው ግዢ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሳይ የኢኮኖሚክስ ሐሳብ) ትርጉም ከስላይዱ አንድ ፊደል ሳታጎድል ገልብጣ በቀይ አስምራበታለች። «ምን ማለት ነው?» አልኳት፤ ዝም። «ምሳሌ አልሰጣችሁም?» «ሰጥቶናል፣ ስለ ጨው የሆነ ነገር። በአማርኛ ስለነበር አልጻፍኩትም።»

ጨው ቢወደድም ሰው መግዛቱን አይተውም፤ ብርቱካን ሲወደድ ግን አልፎት ይሄዳል። ትምህርቱ እኮ እሱ ነበር! ስላይዱ ማታ በቴሌግራም ይላካል፤ የጨዉ ምሳሌ አንዴ ካመለጠ ከየት ይመጣል? በአማርኛ ጻፉት፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ቀላቅሉት፤ ደብተራችሁን የሚያርም የለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ተርሙን ብቻ እንዳለ አስቀምጡ።

ቃል በቃል መጻፍም አያዋጣም። ሰው በደቂቃ ከ100 ቃል በላይ ይናገራል፤ እጅ ግን 30ም ይከብደዋል። እኔም አንደኛ ዓመት እያለሁ አንዱን ዓረፍተ ነገር ልጨርስ ስል ቀጣዮቹ ሁለቱ ያመልጡኝ ነበር፤ ሴሚስተሩን ሙሉ እንደዚያ አለፍኩ። ት/ቤት፣ ዓ.ም. እንደምንለው ሁሉ የራሳችሁን ማሳጠሪያ አውጡ። «ስለዚህ» በቀስት፣ «ምክንያት» በ«ም/ት» ይበቃል።

ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንስቶ መቀመጥ ኖት መያዝ አይደለም።

ገጹን ከዳር እስከ ዳር አትሙሉት። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ፓውክ ያስተዋወቀው አያያዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ በስተግራ ጠበብ ያለ ቦታ ለጥያቄ፣ ከግርጌ ጥቂት መስመር ለማጠቃለያ ይተዋል። በኋላ የቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ የግራውን ጥያቄ መመለስ ትችላላችሁ።

ደብተሩን ዘግቶ እስከ ፈተና አለመክፈትን ግን በቀላሉ አላልፈውም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ አዲስ የተማርነው አብዛኛው የሚጠፋብን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ አሳይቷል። የከተማችን የአብነት ተማሪዎች ይህን ከጥንትም ያውቁበታል፤ የኔታ የነገሯቸውን ሳያድር እርስ በርስ ይከልሱታል። እናንተም ከክፍል እንደወጣችሁ፣ ሚኒባስ ስትጠብቁም ቢሆን፣ አሥር ደቂቃ ስጡት። የተጣመመውን ፊደል አስተካክሉ፣ ያልገባችሁ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።

የጎደላችሁን ከጓደኛ ደብተር ከመገልበጣችሁ በፊት ራሱን መምህሩን በር ላይ ያዙትና ጠይቁት። የጓደኛችሁ ደብተር ውስጥም የጨዉ ምሳሌ ላይኖር ይችላል።