የልብ ምርመራ ሲታዘዝልዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኢኮ ተነስቼ ነፃ ነህ ተብያለሁ» ማለት ልብ ሙሉ በሙሉ ተፈተሸ ማለት አይደለም። ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይሄ ነው። ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ የጡንቻውን አኮማተር፣ የክፍሎቹን ስፋት፣ የቫልቮቹን መጥበብና ማፍሰስ በደንብ ያሳያል። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ግን ጠበውም ኢኮው ደህና ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ዳገት ሲወጡ ደረትዎን ጨምድዶ ይዞ ሲያርፉ የሚለቅ ሕመም ካለ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት፤ የቧንቧ ሲቲ ስካን ሊያዝልዎ ይችላል። አርፈውም ካልለቀቀ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ኢሲጂና ኢኮን የሚያምታታም ብዙ ነው። በወረቀት የሚወጣው የኢሲጂ መስመር የልብን ኤሌክትሪክ እንጂ ምስሉን አያሳይም።

ውጤቱን ብቻዎን አይተርጉሙ። «ኢኤፍ 60 ከመቶ» የሚል አንብቦ «40 ከመቶው ልቤ ሞቷል» ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አለ። ቁጥሩ የሚነግረን የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ምን ያህሉን እንደሚረጭ ነው፤ ከ55 እስከ 70 ጤነኛ ነው፣ መቶ የሚሞላ ልብ የለም። በሌላ በኩል ልብ ደንድኖ በደንብ መሙላት ሲያቅተው፣ ኢኤፉ ደህና ሆኖም የልብ ድካም ይኖራል።

ዝግጅቱንም አይናቁ። ተራው ኢኮ ጾም አይፈልግም፤ በጉሮሮ የሚገባው ግን 6 ሰዓት ያህል ያስጾማል። ለቧንቧ ሲቲ ስካን ደግሞ ልብ ቀስ ብሎ ካልመታ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከምርመራው 12 ሰዓታት አስቀድሞ ጀምሮ አቦሉም ቶናውም ይቅር። የኩላሊት ችግር፣ የመድኃኒት አለርጂ ወይም እርግዝና ካለ አስቀድመው ይናገሩ። ቪያግራ የወሰደ ወንድም አይፈር፤ ለሲቲ ስካኑ ከምላስ ሥር ከሚሰጠው ቧንቧ ከፋች መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ለኤምአርአይ ደግሞ በሰውነትዎ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ካለ ያሳውቁ።

የድሮውን ውጤት ቤት ትቶ መሄድም ዋጋ ያስከፍላል፣ በተለይ በልጅነት የቶንሲል መዘዝ ቫልቩ ለተጎዳ ሰው። ጤነኛ ሚትራል ቫልቭ (በልብ የግራ የላይኛና የታችኛ ክፍሎች መካከል ያለው) ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከባድ ጥበት ነው። ዛሬ 1.6 የተለካው ካቻምና 2.2 ከነበረ፣ ሐኪሙ የሚወስነው ሌላ ነው። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ።