ለተረኛ ኢንተርን፦ የሶዲየምና የፖታሲየም መዛባትን ስለ ማከም

በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ድሬዳዋ ላይ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ኢንተርን በተቅማጥና በትውከት የደከመ፣ ወይም ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እየወሰደ ግራ የተጋባ አዛውንት ሳይገጥመው አይነጋም። የላቦራቶሪ ውጤት ሲደርስ ፈሳሽ ከመስቀል በፊት ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ይጠየቅ።

ፖታሲየም ከልክ አልፎ 6.8 ሚሊሞል በሊትር ነው ቢባል፣ ቁጥሩን ያናረው የክንዱ ማሰሪያ ብዙ ቆይቶ ወይም በሽተኛው ጡጫውን ደጋግሞ ጨብጦ ሊሆን ይችላል። ወደ ላቦራቶሪ ሄደው ቱቦውን ይዩት፤ ከላይ የተንሳፈፈው ፈሳሽ የገለባ ቀለም መያዝ ሲገባው ወደ ሮዝ ካደላ፣ ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰው ፖታሲየማቸውን አፍስሰዋል ማለት ነው። ናሙናው እስኪደገም ግን ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ይነሣ። በመስመሩ ላይ ቲ የሚባለው ሞገድ ሾሎ ከቆመ ወይም ኪውአርኤስ የሚባለው ክፍል ከሰፋ ድጋሚ ውጤት አይጠበቅም፤ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በዝግታ ይሰጥ። ይህ ልብን ለ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አይቀንስም፤ ስለዚህ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ይከተላል። ያለው ባለ 40 በመቶ ግሉኮስ ከሆነ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የደም ስኳርም ለ6 ሰዓት ይለካ።

ፖታሲየም ሲያንስ የሚሰጠው ፖታሲየም ክሎራይድ ፈጽሞ በቀጥታ አይወጋም፤ በፈሳሽ ተበጥብጦ በክንድ ደም ሥር በሰዓት 10 ሚሊሞል ይሰጣል፤ ፖታሲየሙ አልነሣ ካለ የማግኒዚየም ማነስ ይታሰብ።

ይበልጥ የሚያታልለው ሶዲየም ነው። በሽተኛው ፈሳሽ አጥቶ እንደሆነ፣ ወይም በጫት ሰዓት ስንት ጠርሙስ ውሃ እንደጠጣ ሳይታወቅ ቁጥሩ ብቻውን መንገድ አያሳይም። ሶዲየሙ አንሶ የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ 3 በመቶ ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) 150 ሚሊ ሊትር በ20 ደቂቃ ይሰጥ፤ ሶዲየሙ ከ4 እስከ 6 ሚሊሞል ከጨመረ ለጊዜው ይበቃል፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ8 ባይበልጥ ይመረጣል፤ አለዚያ የአንጎል ነርቮች ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። ፈሳሽ ያጣ ሰው ኖርማል ሳላይን (ባለ 0.9 በመቶውን የጨው ውሃ) ሲያገኝ ውሃ እንዲቆጥብ ሰውነቱን ያዘዘው ሆርሞን ይቆምና ሽንቱ ቀጥኖ ይጎርፋል፤ ሶዲየሙም በፍጥነት ያሻቅባል። አንድ ሌሊት 112 የነበረን ሶዲየም ጠዋት 127 ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የሽንት ከረጢቱ ደጋግሞ መሙላቱን ያየችው አስታማሚ ልጁ ነበረች እንጂ እኛ አልነበርንም። ሽንት በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ሶዲየም ወዲያው ይደገም፤ ከተባለው ልክ አልፎ ከጨመረም ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ይሰጥ።

ኢንተርን የሚያሠለጥን ሐኪም በጠዋቱ ራውንድ (የበሽተኞች ጉብኝት) ከሶዲየሙ ቁጥር ይልቅ የሌሊቱን የሽንት መጠንና ቀጣዩ ደም የሚቀዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱ «አልተጻፈም» ከሆነ ራውንዱ እዚያው አልጋ አጠገብ ይቁም፤ ከረጢቱም በኢንተርኑ እጅ ይለካ።