በጦርነት ጨዋታ ላይ የድሮ ጠመንጃ ሲጨመር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ የጦርነት ጨዋታ ላይ አዲስ ጠመንጃ ተጨመረ ሲባል ደስ ይለኛል። ከፍቼ ስሞክረው ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው የነበረውን ጠመንጃ ነው፤ ሰደፉና ስሙ ብቻ ተለውጧል። በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ ጠመንጃ ጠባዩ የሚታወቀው ሲያቀባብሉትና ሲያጎርሱት ስለሆነ፣ ለጨዋታ መሣሪያ የሚያዘጋጁ ወጣቶች እንዲጠነቀቁባቸው የምፈልጋቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ከሁሉ የሚብሰው ለሁሉም ጠመንጃ አንድ ዓይነት የእጅ እንቅስቃሴ መስጠት ነው። የጀርመኑ ካር 98 ኬ የማቀባበያ እጀታው ወደ ላይ 90 ዲግሪ ይነሣል፤ የመምቻው ሞላም የሚወጠረው በዚያው ቅጽበት ስለሆነ ክብደቱ እጅ ላይ የሚሰማው ሲከፈት ነው። የእንግሊዙ ሊ-ኢንፊልድ 60 ዲግሪ ያህል ተነሥቶ ይከፈታል፤ ሞላው የሚወጠረው መልሰው ወደ ፊት ሲገፉት ነው። ካዝናው 10 ጥይት ሲይዝ የካር 98 ኬ 5 ብቻ ይይዛል። የሠለጠነ የእንግሊዝ እግረኛ በደቂቃ 15 ጥይት አነጣጥሮ ለመተኮስ ይለማመድ የነበረው በዚህ ቅልጥፍና ላይ ተማምኖ ነው። ሁለቱን በአንድ ፍጥነት ካስኬዷቸው ተጫዋቹ አንዱን ትቶ ሌላውን የሚያነሣበት ምክንያት ያጣል።

ሁለተኛው ስህተት ጥይት አሞላል ላይ ነው። ብዙ ጨዋታ ላይ ካዝናው ቢጎድልም ባይጎድልም አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁሉም ይሞላል። የጣሊያኑን ካርካኖ እንመልከት። 6 ጥይት በቀጭን የብረት ማቀፊያ ተይዞ፣ ከነማቀፊያው ካዝናው ውስጥ ይገባል። ስድስተኛው ጥይት ከካዝናው ወጥቶ ለመተኮስ ሲዘጋጅ፣ ባዶው ማቀፊያ ከጠመንጃው ሆድ ሥር ባለው ቀዳዳ ሾልኮ ይወድቃል፤ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ቅጭል ይላል። ያን ድምፅ የሰማ ተጫዋች የቀረው አንድ ጥይት ብቻ መሆኑን ያውቃል፤ ስክሪኑ ላይ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም። ሁለት ተኩሶ ሁለት ልጨምር ቢል ደግሞ በቀላሉ አይሆንለትም። የሩሲያው ሞሲን-ናጋንት መነጽር ሲገጠምለት መነጽሩ መሙያውን ከላይ ስለሚጋርደው፣ አልሞ ተኳሹ አምስቱን በአንድ ጊዜ ማውረዱ ቀርቶ አንድ በአንድ ያጎርሳል። የፈረንሳዩ ሌቤል ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ይደረደራሉ፤ ቱቦው 8 ይይዛል፣ እሱንም መሙላት ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ በአንድ አኒሜሽን የሚያልፍ ሰው የጨዋታውን ምርጥ ጭንቀት በእጁ ይጥለዋል።

የዘመን ስህተትን ማረም ቀላል ነው። ካር 98 ኬ አገልግሎት ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1935 ስለሆነ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ መታየት ያለበት ረጅሙ ጌቬር 98 ነው።

ጠመንጃዎቹን ለማመጣጠን ተብሎ የአንዱን ጥይት ጉልበት መቀነስም አልወድም። ቀርፋፋውን ጠመንጃ ቀርፋፋነቱ ይበቃዋል።

የእኛን የ1928 ዓ.ም. ጦርነት የሚሠራ ሰው ደግሞ፣ እባክህ ለአርበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ጠመንጃ አታስይዝ። በአንድ ጦር ውስጥ ውጅግራ፣ ምንሽርና ቤልጅግ ጎን ለጎን ይሰለፉ ነበር። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ በመሆኑ አንድ ጊዜ ሲተኮስ ነጭ ጭሱ ተኳሹ የተሸሸገበትን ቁጥቋጦ ያሳብቃል። ተኩሶ ቦታ መቀየርን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ጥይት ከወደቀ ዝናር ሁሉ እንዲለቀም ማድረግ እዚህ ላይ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የውጅግራን ጥይት ቤልጅግ አይጎርስም። አርበኛው የማረከው ካርካኖ ከሆነም ጥይቱን መማረክ ይኖርበታል። ማቀፊያ ከሌለው ያ ባለ 6 ጥይት ጠመንጃ እንደ ውጅግራው አንድ በአንድ የሚጎርስ ይሆናል። ማቀፊያው ግን ተመልሶ ይሞላል፤ ስለዚህ ቅጭል ብሎ የወደቀውን ብረት ተጫዋቹ በተኩስ መሃል ጎንበስ ብሎ ከድንጋዩ ሥር እንዲፈልገው አድርጉ።