91 አምጥቶ ያላለፈው ልጄና የጊፍትድ ፕሮግራም ማመልከቻ

እዚህ አሜሪካ ልጄ ለጊፍትድ ፕሮግራም፣ ማለትም ከፍ ያለ ችሎታ ያላቸው ልጆች ተመርጠው ለሚማሩበት፣ ተፈትኖ የውጤቱ ደብዳቤ የመጣ ቀን ደስታዬን አትጠይቁኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 91 የሚል ቁጥር አየሁ። ልጄ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። እኔ በተማርኩበት ዘመን 91 ያመጣ ልጅ የደረጃ ተማሪ ነው። ወዲያው ለእህቴ ደውዬ "አለፈ!" አልኳት። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት።

ሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ። አንድ ቀን ሌላ ዕቃ ሳነሳ ወደቀና ሁለተኛ ገጽ እንዳለው አየሁ። "ልጅዎ በዚህ ዓመት ለፕሮግራሙ አልተመረጠም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ይግባኝ ማለት የሚቻለው በሁለት ሳምንት ውስጥ መሆኑ ተጽፏል። ጊዜው አልፏል።

91ዱ ለካ ፐርሰንታይል ነው። ከመቶ ጥያቄ 91ዱን መለሰ ማለት አይደለም። በእድሜው ካሉ መቶ ልጆች 91ዱን ያህል በልጧል ወይም እኩል ሆኗል ማለት ነው። የእኛ ዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) መግቢያ 95 ነበር። ትንሿ ልጄ ተራዋ ሲደርስ ግን ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩት። ከዚህ በታች ያለው ከሁለቱም ዙር የለቀምኩት ነው።

መጀመሪያ በሩ በምን እንደሚከፈት እወቁ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤቶች ጊፍትድ ፕሮግራም እንዲኖራቸው የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስቴቱና ዲስትሪክቱ ናቸው የሚወስኑት። አንዱ ዲስትሪክት ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች በሙሉ ይፈትናል። ጎረቤቱ መምህር ወይም ወላጅ ስማቸውን ያቀረበላቸውን ብቻ ይፈትናል። አንዱ የአገሪቱን ፐርሰንታይል ይጠቀማል፣ ሌላው ልጆቹን ከራሱ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ብቻ ያወዳድራል። ስለዚህ "የጓደኛዬ ልጅ በዚህ ነጥብ ገብቷል" የሚለውን ወሬ ተዉት።

በቃል አትጠይቁ። እኔ በመጀመሪያው ዙር መምህሯን በር ላይ አግኝቼ ጠይቄ "ጊዜው ሲደርስ እንነግርዎታለን" ተባልኩ። አልነገሩኝም። በሁለተኛው ዙር መስከረም ላይ ለዲስትሪክቱ የጊፍትድ ክፍል ኢሜይል ጻፍኩ። አጭር ነበር፦ "ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። እንድትፈተን እጠይቃለሁ። የትኛውን ፈተና ነው የምትጠቀሙት? መግቢያው ስንት ነው? ቅጹ የሚዘጋው መቼ ነው? የግል ሳይኮሎጂስት ውጤት ትቀበላላችሁ? ይግባኝ እንዴት ይባላል?" በሁለት ቀን መልስ መጣ። የተጻፈ ነገር ቀን አለው፣ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

"ልጁ ጎበዝ ከሆነ ራሳቸው ያዩታል" የምትሉ ካላችሁ ይቺን ስሙ። ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮዋርድ ካውንቲ እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ልጆቹ የሚመረጡት በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ክፍል ያሉትን በሙሉ መፈተን ጀመሩ። ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ፣ በኋላ መዝገቡን ሲያጠኑት ጊፍትድ የተባሉ ጥቁር ተማሪዎች ድርሻ በ80 ከመቶ፣ የሂስፓኒክ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ልጆች ድርሻ ደግሞ በ130 ከመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ልጆቹ ድሮም እዚያው ነበሩ። ስማቸውን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ወደ ፈተናው እንምጣ። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ኮጋት ይባላል። ሦስት ክፍል አለው፦ የቃል፣ የቁጥርና የቅርጽ። በየክፍሉ ሦስት ሦስት ንዑስ ፈተና አለ፣ እያንዳንዱ ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ለትንንሾቹ ጥያቄው በአብዛኛው ሥዕል ነው፣ የሚነበብ ካለ መምህሩ ያነብላቸዋል። ሌላው ናግሊየሪ የሚባለው ሲሆን እሱ ቅርጽ ብቻ ነው፦ 48 ጥያቄ፣ 30 ደቂቃ። ቤታችሁ በአማርኛ ብቻ ለሚያወራና እንግሊዝኛ ገና ለሚማር ልጅ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኮጋት ላይ ዓረፍተ ነገር የማሟላት ንዑስ ፈተናው ለእንዲህ ያለ ልጅ ሊዘለል ይችላል። ግን ካልጠየቃችሁ ማን ያስታውሳችኋል?

ለዝግጅት ውድ ኮርስ አትክፈሉ፤ ይሄ የእኔ አቋም ነው። ልጅ የሚደናገጠው የጥያቄውን ዓይነት አይቶት ስለማያውቅ ነው። ያንን ደግሞ የምግብ ጠረጴዛ ላይ መፍታት ይቻላል። ኮጋት ላይ ወረቀት ማጠፍ የሚባል ክፍል አለ። ወረቀት ይታጠፋል፣ ይበሳል፣ ከዚያ "ሲዘረጋ ቀዳዳው የት የት ይሆናል?" ይባላል። አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋር ወረቀት አጥፈን በእርሳስ ወጋነው። "ስንት?" አልኳት። "ሁለት።" ልክ። ደግመን አጠፍነው። "አራት።" ልክ። ሦስተኛ አጠፍነው። "ስድስት!" አለች በእርግጠኝነት። ስንዘረጋው ስምንት ሆነ። ዝም ብላ ቆጠረችው፣ እንደገና ቆጠረችው። "አሃ፣ ሁለት ሁለት እየተጨመረ አይደለም፣ እየተባዛ ነው!" አለችና አራተኛውን ራሷ አጠፈች። ከዚህ በላይ የዝግጅት ኮርስ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አስተምሯቸው፦ መገመትን። ኮጋት ላይ ነጥብ የሚቆጠረው ከተመለሰው ነው፣ ለተሳሳተው አይቀነስም። የእኔ ልጅ ወንዱ ያላወቀውን ባዶ ትቶት ወጣ። ለምን ስለው "እርግጠኛ ያልሆንከውን አትናገር ብለኸኝ የለ?" አለኝ። ምን እላለሁ!

ከፈተናው ሌላ መምህሯ የምትሞላው ቅጽ አለ። ልጁ ይጠይቃል ወይ፣ አንድ ነገር ላይ ይቆያል ወይ፣ አዲስ መንገድ ይፈልጋል ወይ ይላል። እዚህ ጋ የእኛ ልጆች ይጎዳሉ። ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በሉ ብለን አሳድገናቸው፣ መምህሯ የምታየው ጭምት ልጅ ነው። ስለዚህ የወላጅ ቅጽ ካለ በደንብ ሙሉት። "በጣም ጎበዝ ናት" ብላችሁ አትጻፉ፣ ሁሉም ወላጅ እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ያያችሁትን ጻፉ። እኔ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ "አምስት ዓመቷ ላይ ዜሮ ተጋማሽ ነው ወይስ ጎደሎ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። በማግስቱ መጥታ፣ ዜሮ ከረሜላ ለሁለት ልጆች ሲካፈል ማንም አይጣላም፣ ስለዚህ ተጋማሽ ነው አለችኝ።" የቤት ወሬዋን እንደ ቀልድ ስልኬ ላይ እመዘግብ ስለነበር ነው ያገኘሁት። ዛሬውኑ ጀምሩ።

የፈተናው ቀን ዝም በሉ። "ዛሬ ወሳኝ ቀን ነው" የሚባል ነገር አያስፈልግም። እኔ "እንቆቅልሽ የሞላበት ወረቀት ይሰጧችኋል" ብቻ ብያለሁ። ከታመመች አትላኳት፣ ሌላ ቀን እንድትፈተን ጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ ድምሩን ብቻ አትዩ። የወንዱን ወረቀት ዘግይቼ በደንብ ሳነበው ቁጥሩና ቅርጹ በጣም ከፍ ያለ ነበር፣ ወደ ታች የጎተተው የቃሉ ክፍል ነው። ኮጋት የቁጥሩንና የቅርጹን ውጤት ብቻ አጣምሮም ነጥብ ያወጣል። ያንን የሚቀበል ዲስትሪክት አለ። ይግባኝ የምትሉ ከሆነ መከራከሪያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ይሁን። "ልጄን አውቀዋለሁ" የሚል ደብዳቤ የትም አያደርስም።

የግል ፈተና ሌላ አማራጭ ነው። ዊስክ የሚባለውን የአእምሮ ችሎታ ፈተና ከ6 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ሳይኮሎጂስት ለብቻ ቁጭ ብሎ ይሰጣል። አማካዩ 100 ነው፣ 130 ያመጣ ልጅ ከመቶ ልጆች ከፍተኛ ውጤት ካላቸው ሁለት ያህሉ ውስጥ ነው። ኮጋት ላይም 130 የሚል ቁጥር ልታዩ ትችላላችሁ፤ መለኪያው ትንሽ ስለሚለይ አንድ ናቸው ብላችሁ አትከራከሩ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ዲስትሪክቱ እንደሚቀበለው በጽሑፍ ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ።

ካለፈች በኋላም ፈጥናችሁ አትፈርሙ። አንዳንዱ ፕሮግራም በሳምንት አንድ ሁለት ሰዓት ከክፍል አውጥቶ የሚያስተምር ነው። ሌላው ትምህርት ቤት ያስቀይራል። የእኛው ሁለተኛው ዓይነት ነበር፣ አውቶቡሱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ለመወሰን ሳምንት ሰጡን። ልጄን ወስጄ ክፍሉን አሳየኋት፣ መምህሩን አነጋገርን። ጓደኞቿን ትታ መሄዱ አስለቀሳት። ስድስተኛው ቀን ላይ ራሷ "እሺ" አለች።

ወንዱ በዓመቱ እንደገና መፈተን ይችል ነበር። ቅጹን አምጥቼ ሰጠሁት። ሁለቱንም ገጽ አነበበና "እዚሁ ይሻለኛል፣ የኳስ ቡድኔ እዚህ ነው" ብሎ መለሰልኝ።